ኮፓው ተሰንጥቆ ዘይት ያፈሳል፤ ግቢ ውስጥ ራሴ ብቀይረውስ?

ማርሽ_5፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሞተሩን ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ገንዳ) ከሥር ድንጋይ መትቶት ወለሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከታፖው (ከዘይት ማፍሰሻው ብሎን) ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብሎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ዘይቱ በጠብታ ነው የሚወርደው፤ ግን አያቋርጥም። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ነው፣ መኪናዋ በፊት ጎማ የምትነዳ ናት። ኮፓው ማግኔት ይይዛል፤ አልሙኒየም አይደለም ማለት ነው። ከተመታ ወዲህ ሞተሩ አልተነሳም።

ዘይት፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ራሴ እቀይራለሁ። ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ እግር) እና የቡሶላ (የብሎን መፍቻ) ስብስብ አለኝ፤ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) የለኝም። ያልገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ጋርኒሲዮን (ጋስኬት) ይሻላል ወይስ ሲሊኮን? ስንጥቁን በብረት ማጣበቂያ ደፍኖ ወይም አስበይዶ መገላገል አይቻልም? ሞተሩን ከፍ ማድረግ ግድ ነው? ሲሊኮን ከተቀባ በኋላ ስንት ሰዓት ተጠብቆ ነው ዘይት የሚሞላው?

ቡሶላ_10፦

ወንድሜ፣ ሞተሩን አለማስነሳትህ ደግ አድርገሃል። ኮፓ ሲመታ ዓይን የሚሄደው የሚንጠባጠበው ዘይት ላይ ነው፤ ሞተር የሚገድለው ግን ከውስጥ ያለው ነው። የዘይት ፖምፓው የሚስበው ከኮፓው ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ወንፊት በኩል ነው። ወለሉ ወደ ላይ ሲገባ ወንፊቱን ይጠጋውና አፉን ይዘጋል፣ ወይም የመሳቢያ ቱቦውን ገፍቶ ያጣምማል። ያን ጊዜ መለኪያ ዘንጉ ሙሉ ዘይት እያሳየ ብሮንዚናዎቹ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ ማቀፊያዎች) ደርቀው ይሠራሉ። ስለዚህ ሥራው «ኮፓ መቀየር» ይባል እንጂ ግማሹ ወንፊቱን መመርመር ነው። በማጣበቂያ ስለመድፈን የጠየቅኸውም እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ስንጥቁ ቢደፈን እንኳ ወለሉ እንደገባ ይቀራል።

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ከሥር ገብተህ ተመልከት። ለዚህም ቢሆን መኪናዋ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ትቁም፣ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ይታገዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መያዣ አይደለም። ካቫሌቶዎቹን አምራቹ ለማንሻ ምልክት ያደረገበት ጠንካራ ቦታ ላይ አስቀምጥ፣ ክሪኩን አላላ፣ ከዚያ መኪናዋን ከጎን ገፋ ገፋ አድርገህ ካልተነቃነቀች ብቻ ግባ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍታ፤ የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወፍራም ገመድ ብዙ ጊዜ እጅህ በሚሠራበት አካባቢ ነው።

አሁን በእጅ ባትሪ የኮፓውን ዙሪያ ተከተልና ብሎኖቹን ቁጠር። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ባለ 10 ራስ ናቸው። እያንዳንዱን በዓይንህ አይተህ በቡሶላ መድረስ ትችል እንደሆን አረጋግጥ። በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ናቸው የሚያስቸግሩት፤ አንዳንዱ ሞተር ላይ ረጅም ማራዘሚያ ይፈልጋሉ። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የፊት ቱቦ ከኮፓው ሥር የሚያልፍ ከሆነ መውረድ አለበት፤ ዳዶዎቹ ዝገው ስለሚጠብቁህ ዝገት ማላቀቂያውን ከሥራው አንድ ቀን ቀድመህ እርጫቸው።

ሞተሩን ማንሳት ግድ ነው ወይ ላልከው፣ የሚወስነው ኮፓው ለመውረድ የሚያገኘው ክፍት ቦታ ነው። ኮፓው ብሎኑ ስለተፈታ ብቻ አይወጣም፤ የመሳቢያ ቱቦውን እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ከሥሩ የሞተር መሸከሚያው ብረት ካለና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከቱቦው ርዝመት ካነሰ፣ የአንዱን ወገን የሞተር ጎማ (ሞተሩን ከመኪናዋ ጋር የሚያያይዘውን) ፈትተህ ሞተሩን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይኖርብሃል። ይህ የሚሠራው ከላይ በማንጠልጠያ ዘንግ ነው። ከሥር በክሪክ መደገፍ የግድ ከሆነ በእንጨት ላይ አድርገህ በካምቢዮው በኩል እንጂ ኮፓው ላይ አይሞከርም። ከፍ ስታደርግ የራዲያተር ቱቦዎችንና የሽቦ ጥቅሎችን እያየህ ይሁን፤ የሚወጠር ነገር ካለ ቁም።

የላይኛው ክፍል አልሙኒየም ሆኖ ከሥሩ ትንሽ የላሜራ ኮፓ ብቻ የሚገጠምባቸው ሞተሮችም አሉ። ያንተ እንደዚያ ከሆነ ዕድለኛ ነህ፤ ማርሚታም ሞተርም ሳትነካ ልትጨርስ ትችላለህ።

ዘይቱን ማታ አፍስሰህ ጠዋት ክፈት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ከላይ ከየጓዳው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ሰዓታት ይወስዳል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው በኋላ አዲስ ሲሊኮን ላይ ዘይት ያንጠባጥባል፤ የሚያፈስ ሥራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ብሎኖቹን ስትፈታ የካርቶን ክዳን ላይ የኮፓውን ቅርጽ ሣልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑን ወግተህ ሰካው። ርዝመታቸው አንድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ላይ ካስገባኸው ከቀዳዳው መጨረሻ ይደርስና ጠብቋል ብለህ ታልፋለህ፤ ኮፓው ግን አልተያዘም። በማዕዘን ያሉትን ሁለት ብሎኖች በጥቂት ጥርስ አላልተህ ተዋቸው፤ ኮፓው ሲላቀቅ ፊትህ ላይ እንዳይወርድ።

በሲሊኮን የተያዘ ኮፓ ብሎኑ ቢፈታም አይወርድም። ካቻቢቴ በመገጣጠሚያው መካከል መትተህ አታስገባ፤ ብሎኩ አልሙኒየም ከሆነ የሚተወው ጭረት ለዘላለም ያፈሳል። ብዙ ኮፓ ማዕዘኑ ላይ ለመፈልቀቂያ የተተወ ክፍተት አለው፤ ከዚያ ጀምር። ከሌለው ሰፊና ስስ ስፓቱላ በማዕዘን አስገብተህ በጎን በኩል እየነዳህ ሲሊኮኑን ቁረጥ፣ ከዚያ የኮፓውን ጎን በእንጨት መዶሻ ምታ። ያንተ ኮፓ የሚጣል ስለሆነ ብትጎዳውም ግድ የለም፤ ብሎኩን ግን አደራ።

ጠመኔ፦

ቡሶላ_10 ባለው ላይ ስለ ወንፊቱና ስለ አሮጌ ኮፓ ልጨምር።

ኮፓው ሲወርድ ከመጣልህ በፊት ወለሉን በነጭ ጨርቅ ጥረግና ጨርቁን ፀሐይ ላይ እየው። እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ካለ ብሮንዚና ተልጧል። የፕላስቲክ ስብርባሪ ከታይሚንግ ሰንሰለቱ መሪ ሊሆን ይችላል። የሲሊኮን ፍርፋሪ ከሆነ ከአንተ በፊት የሠራው ሰው አብዝቶ ቀብቷል ማለት ነው።

የመሳቢያ ቱቦው በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ነው የተያዘው። አልተነካም ብለህ ብታስብም አውጣው። ሦስት ቦታ ተመልከት፦ ወንፊቱ ተጨፍልቆ እንደሆነ፣ ቱቦው ከወንፊቱ ጋር የተበየደበት ስንጥቅ እንዳለው፣ ከፖምፓው ጋር የሚገጥምበት የጎማ ቀለበት ደርቆ እንደሆነ። ቀለበቱን በአዲስ ቀይረው። በዚህ ቦታ ዘይት ወደ ውጭ አያፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ፖምፓው አረፋ ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠዋት ሲነሳም ባልቦላዎቹ ይንጣጣሉ። ሰው ያን ጊዜ ፖምፓ ሊቀይር ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን የአንድ ቀለበት ነው። ወንፊቱን በቤንዚን አጥበህ አየሩን ከቱቦው በኩል ወደ ወንፊቱ ንፋ፤ በተቃራኒው ከነፋህ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ታስገባለህ። ለመታጠቢያው ቤንዚን ክፍት ቦታ ምረጥ፤ እሳትም ሲጋራም አጠገቡ አይኑር።

ቱቦው መጣመሙ በዓይን ካልታወቀህ በፕላስቲሲን ለካው። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ፕላስቲሲን ወንፊቱ ሥር ለጥፈህ አዲሱን ኮፓ ያለ ሲሊኮን በአራት ብሎን ግጠመው፤ ጋስኬት ያለው ከሆነ ከነጋስኬቱ። ከዚያ አውርደው። የተጨፈለቀው ውፍረት በወንፊቱና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን የተለመደ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ወይ ቱቦው ተጣሟል፣ ወይ የገዛኸው ኮፓ የዚህ ሞተር አይደለም። ከተመሳሳይ ሞተር የሚወጡ ኮፓዎች በተለያየ መኪና ላይ ጥልቀታቸው ይለያያል፤ የብሎን ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው አይባልም። ሲጨርሱ ፕላስቲሲኑን ሙልጭ አድርጎ ማስወገድ አይዘንጋ።

ያገለገለ ኮፓ ከገዛህ በላምባ ፈትነው። ውጩን በቤንዚን አጥበህ አድርቅ፣ ታፖውን ዝጋ፣ ወለሉንና የብየዳ መስመሮቹን ከውጭ በጠመኔ ለቅልቅ፣ ከውስጥ ላምባ ጨምርበትና አንድ ሰዓት ያህል ተወው። ላምባ ከዘይት ይልቅ ስስ ስለሆነ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ያልፋል፤ ነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።

ስለ ብየዳ፦ መኪናው ላይ እያለ ፈጽሞ አይበየድም። ውስጡ የዘይት ትነት አለ፣ በላዩ የነዳጅ መስመር ያልፋል። ወርዶና ታጥቦ የላሜራ ኮፓ ሊበየድ ይችላል፤ ግን ሙቀቱ ጠርዙን ያጣምመዋል፣ ከዚያ የሚያፈሰው በስንጥቁ ሳይሆን በዙሪያው ይሆናል። አልሙኒየም ኮፓ ደግሞ ዘይት ጠጥቶ ስለሚኖር ብየዳው ሲሞቅ ዘይቱ እየፈላ ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። የብረት ማጣበቂያም ከውጭ ዘይት እየገፋው በሚወጣ ስንጥቅ ላይ ብዙ አይቆይም።

ማርሽ_5፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከሥር ገብቼ አየሁ። ኮፓው አንድ ወጥ ላሜራ ነው፣ 19 ብሎን ቆጠርኩ። ማርሚታው መውረድ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩን ሳላነሳ የሚወጣ ይመስለኛል፣ ክፍተቱ ግን ጠባብ ነው። የሚያሳስበኝ ሲሊኮን የተቀባ ኮፓ በዚያ ጠባብ ቦታ ሲገባ ብረቱን እየነካ እንዳይጠረግ ነው። አዲስ የሚሸጠው ኮፓ ጋስኬት አብሮት የለም።

ፊለቶ፦

ለጠባብ ቦታ መላው ሁለት መሪ ዘንግ ነው። የኮፓው ብሎን ኤም 6 ከሆነ፣ ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸው 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ብሎኖች ግዛና ራሳቸውን ቁረጥ። የተቆረጠውን ጫፍ በሊማ አሹለህ ለካቻቢቴ የሚሆን መሰንጠቂያ አውጣለት። በብሎኩ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘን ላይ በእጅህ አስገባቸው። ኮፓውን ከሁለቱ ዘንጎች ስታገናኘው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ግራ ቀኝ አይንሸራተትም፣ ሲሊኮኑም የሚነካው መንካት ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። አራት አምስት ብሎን በእጅ ከያዝክ በኋላ ዘንጎቹን አውጥተህ በቦታቸው ብሎን አስገባ። መጀመሪያ ያለ ሲሊኮን አንድ ሁለት ጊዜ ተለማመደው፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ እጅህ ይወቀው። ሲሊኮን ከተቀባ በኋላ የምታስበው ነገር መኖር የለበትም።

ጋርኒሲዮን ወይስ ሲሊኮን ለሚለው፣ ምርጫው ያንተ አይደለም፤ ሞተሩን የሠራው ወስኖታል። ስትፈታው ያገኘኸውን መልሰህ አድርግ። በሲሊኮን ብቻ የተሠራ ሞተር ላይ የወረቀት ጋስኬት ቆርጠህ አትጨምር። የጎማ ጋስኬት ባለው ላይ ደግሞ ዙሪያውን ሲሊኮን አትቀባ፤ ጎማው በሲሊኮኑ ላይ ተንሸራቶ ከቦታው ይወጣል። የጎማው ሞተር ላይ ሲሊኮን የሚገባው ሦስት ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው፦ የታይሚንግ ሽፋኑ ከብሎኩ ጋር በሚገጥምበትና የኋላው የፓራውሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) መያዣ በሚገጥምበት፣ በያንዳንዱ የስንዴ ፍሬ ያህል። ያንተ በሲሊኮን ብቻ ከሆነም እነዚህን አራት ነጥቦች ትንሽ ወፈር አድርጋቸው፤ ኮፓ በአብዛኛው የሚያልበው እዚያ ነው።

ጽዳቱ ከመግጠሙ ይበልጣል። አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ አንሳ፤ ብሎኩ ብረት ከሆነ ምላጭ ጠፍጣፋ አድርገህ መጠቀም ትችላለህ። የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ በድሪል አትጠቀም። ፈጣን ነው፤ ግን ብናኙ ከላይ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ይበተናል፣ ብረት የሚበላ ደቃቅ ድንጋይ ስለሆነም በዘይቱ ገብቶ ብሮንዚናውን ይፈጨዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹን በጥጥ እንጨትና በቤንዚን አድርቃቸው። ታችኛው ዝግ የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከቀረ ብሎኑ ዘይቱን ይጨምቃል፤ ጠበቀ ሲመስልህ አልጠበቀም፣ አልሙኒየም ከሆነም ቀዳዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ፊት በብሬክ ክሊነር በተነከረ ክር የማይለቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ ደቂቃ ጠብቀህ ብሎኩን ዙሪያውን በጣትህ ዳስሰው። አሁንም ከላይ የሚወርድ ጠብታ ካለ ጥረግና ጠብቅ። ሲሊኮን የሚቀባው ጠብታው ሲያቆም ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢወስድም ይውሰድ።

ሲሊኮኑ ለሞተር ዘይት የተሠራ፣ ሴንሰር የማይጎዳ ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ዘይት ያሟሟዋል። የቱቦውን አፍ 3 ሚሊ ሜትር እንዲያወጣ ቁረጥ። ሳይቋረጥ አንድ መስመር ጠርዙ ላይ አስኪድ፣ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ በውስጥ በኩል እለፍ። ብዙ መቀባት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከማነስ አይተናነስም። ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፤ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ወጥቷል። የውስጡ ተቆርጦ ሲወድቅ የሚሄደው ወንፊቱ ላይ ነው።

ከቀባህ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ግጠም፤ ቱቦው ላይ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ከተጻፈ የተጻፈውን ያዝ። ፊቱ ከደረቀ አይጣበቅም፤ ፍቀህ እንደገና ትጀምራለህ። ዘይት ለመሙላት ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከቻልክ ሌሊቱን ይደር። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ግድም ይፈልጋል፤ ብርድ ሲሆን ይረዝማል።

ቡሶላ_10፦

ቶርክ ሬንች የለኝም ስላልክ፦ ኤም 6 የኮፓ ብሎን ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር መካከል ነው የሚጠብቀው፤ የመኪናህ መመሪያ ቁጥር ካለው እርሱን ውሰድ። 10 ኒውተን ሜትር ማለት 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ነው። ስለዚህ ረጅሙን የግማሽ ኢንች እጀታ ሳጥኑ ውስጥ ተወውና ትንሹን የሩብ ኢንች እጀታ ያዝ፤ ራሱን በመዳፍህ ይዘህ አዙር እንጂ ጫፉን ይዘህ አትሳብ። ባይሆን ለአንድ ቀን ተዋስ፤ ይህን ለማለት የማፍረው ነገር የለም።

የምታጠብቀው ከመካከል ጀምረህ ወደ ጫፍ፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ ወገን እያደረግህ ነው፤ በሦስት ዙር። የመጀመሪያው ዙር በጣት፣ ሁለተኛው ሲሊኮኑ ትንሽ ብቅ እስኪል፣ ሦስተኛው ሙሉ። የላሜራ ኮፓ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ በያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ጠርዙ ወደ ብሎኩ ይጎብጣል፤ በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ደግሞ ይከፈታል። ያገለገለ ኮፓ ላይ ይህን ጉብታ ካየህ የጠርዙን ውጭ ወገን ሞርሳ ላይ አስደግፈህ ከመገጣጠሚያው ወገን በመዶሻ ቀስ እያልክ አስተካክለው፣ መስታወት ላይ ገልብጠህም ብርሃን የሚያልፍበትን ፈልግ።

የታፖው ለብቻው ነው፤ ብዙ መኪና ላይ ከ25 እስከ 45 ኒውተን ሜትር። ራንዴላውን አዲስ አድርግ።

ላሜራ ስለሆነ አንተን አይመለከትህም፤ አልሙኒየም ኮፓ ይዞ ይህን ለሚያነብ ግን፦ ኮፓው ከካምቢዮው ጋርም የሚታሰር ከሆነ የኋላ ፊቱ ከብሎኩ የኋላ ፊት ጋር እኩል መሆን አለበት። ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህ አረጋግጥ። ገባ ካለ የካምቢዮው ብሎን ሲጠብቅ ይስበዋል፣ ጆሮውም ይሰነጠቃል።

ጠመኔ፦

ሲነሳ ስለሚደረገው፦ ፊልትሮውን ቀይር። ቀጥ ብሎ አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚገጠም ከሆነ በዘይት ሙላውና ግጠም። የዘይቱን መጠን ከመመሪያው እይ፤ ባለ 4 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 ሊትር ይይዛል። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር አጉድለህ ጨምር።

ቱቦው ወርዶ ስለነበር ፖምፓው ባዶ ነው። የባትሪውን ገመድ ስትመልስ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ አውጣና በሞተሪኖ 5 ሰከንድ ያህል አዙር፣ ግማሽ ደቂቃ አሳርፍ፣ ሦስት ጊዜ ድገመው። ሳይፈነዳ ሲዞር ብሮንዚናው ላይ ጭነት የለም፤ ዘይቱም ይወጣል። ከዚያ ፊውዙን መልስና አስነሳ። ቀይዋ የዘይት መብራት በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋች አጥፋ፤ «ትንሽ ልጠብቃት» አይባልም። ከጠፋች አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ቤንዚን መርገጥ ይሥራ፣ አጥፋ፣ 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያ ዘንጉን አይተህ የጎደለውን ሙላ።

ለፍተሻ ነጭ ሶፍት ዙሪያውን አስኪድ። በማግሥቱና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደች በኋላ ድገመው። ትንሽ ካላበ ብሎን መጨመር ያምራል፤ ግን የደረቀ ሲሊኮን ላይ ስታጠብቅ የያዘውን ትሰብረዋለህ እንጂ አትዘጋውም። መፍትሔው አውርዶ እንደገና መቀባት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከላይ የሚወርድ እንዳይሆን እይ፤ በሞተሩ አናት ያለው የታፔላ ሽፋን ጋስኬትና የዘይት ግፊት ሴንሰሩ የሚያፈሱት በብሎኩ ወርዶ የኮፓው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ጥፋቱም የኮፓው ይመስላል።

አሮጌው ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስብ ይሰጥ፤ ጓንት አድርግ፣ ያገለገለ ዘይት ለቆዳ ጥሩ አይደለም።

ማርሽ_5፦

አንድ የቀረኝ። ያየሁት አዲስ ኮፓ መገጣጠሚያውን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሲሊኮኑ በቀለሙ ላይ ይቀባል ወይስ ቀለሙ ይነሳ?

ፊለቶ፦

በጥፍርህ ጠርዝ ላይ ፋቀው። ካልተነሳልህ የፋብሪካ ቀለም ነው፤ በብሬክ ክሊነር ጠርገህ በላዩ ቀባ። በጥፍር እየተላጠ ከተነሳ ግን ሲሊኮኑ ቀለሙን ይይዛል፣ ቀለሙ ብረቱን ይለቃል። የመገጣጠሚያውን ብቻ በቲነርና በብርጭቆ ወረቀት በእጅህ አንሳ፤ ይህን ደግሞ መኪናው ሥር ሳይሆን ርቀህ፣ ኮፓውን ገልብጠህ ሥራው። ከዚያ ውስጡን በቤንዚን እጠበው፤ አዲስ ኮፓ ውስጥ የብየዳ ፍንጣሪና የማሸጊያ አቧራ አይጠፋም። ታፖውንም ከመግጠምህ በፊት በእጅህ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገባው። በመካከል ከያዘህ ጥርሱ ላይ ቀለም ገብቷል፤ በልኩ ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አጽዳው እንጂ በቁልፍ አታስገድደው።